ዓለምነው ያስተካከለው ቀን

የሁለት ሺህ አንድ ክረምት ክፉ ክረምት ነበር። ሰኔ በዝናብ ገባ፤ ሐምሌም አላቋረጠም። ከጮቄ የሚወርደው ጉም እስከ ቀትር ድረስ ከደብረ ማርቆስ ላይ አይነሣም። በረዶ የገበሬውን ስንዴ አጋደመው፤ ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። የገጠሩ መንገድ ተቆረጠ። የሚሞት በዛ። መቃብር ቆፋሪዎች ጉድጓዱ የሚያቁረውን ውኃ በጣሳ እየቀዱ ነበር የሚቆፍሩት።

በዚያ ክረምት አርሴማ ሞተች። ሰኔ ሲያልቅ ሳል ጀመራት፤ ሳንባ ነው አሉ፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ቀበሯት። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነበር። አባቷ ዓለምነው ዕድሜውን በመንገድ ሥራ ፎርማንነት የጨረሰ ሰው ነው። እናቷ ደብሪቱ ትባላለች። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሐዘን የገባበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ደብሪቱ ሬዲዮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከእንግዳ ክፍሉ ጥግ የነበረውን የአርሴማን ኮምፒውተር ደግሞ ጥቁር ነጠላ አለበሰችው። አርሴማ በዚያ ኮምፒውተር የሰው ጽሑፍ እየተየበች ነበር የምትተዳደረው። ለቅሶ ደራሹ እየገባ ጥጉን ያያል፤ ቆሞ የተከናነበ ሰው ይመስላል። አርባዋ እስኪወጣ ማንም አልነካውም።

ዓለምነው ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ከዚያ ነጠላ ሥር የአርሴማ ብቻ ያልሆነ ነገር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምነው በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ዲማ ወርዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተስቦ የተማሪውን ጎጆ ገባበት። ገሚሱ ሞተ፤ ገሚሱ በየአቅጣጫው ሸሸ። ዓለምነው ትኩሳት ጥሎት ሲቀር አንድ ሰው ብቻ ከአጠገቡ አልሸሸም፤ ያኔ ወንበር ከዘረጉ ገና ያልቆዩት መምህር አካለ ወልድ። ውኃ አጠጡት፤ አገላበጡት፤ ቅማሉን ከልብሱ ለቀሙለት። ተነሥቶ መራመድ ሲችል ሊሰናበታቸው ሄደ።

«የኔታ፣ ይህን በምን እመልሳለሁ?» አላቸው።

«እኔ የተቀበልኩት ሁሉ በአፍ ነው» አሉት። «የሚመጣው ተማሪ የወደደውን ቅኔ ይዞ ይሄዳል። ሁሉን አንድ ላይ የያዘ የለም። ስትችል አንድ ላይ ጽፈህ አስቀምጥልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

እሺ አለ። ከዚያ በኋላ መንገድ ሥራ ገባ። አካፋ የለመደ እጅ ብዕር ይከብደዋል፤ ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ ተደራረበ፤ የተማረው ጥቂት ነገርም እየቆየ ጠፋበት። ወደ ዲማ የሚሄድ ሰው ባገኘ ቁጥር ሰላምታ ይልካል። ራሱ ግን አይሄድም። ምን ይዞ ይሄዳል?

እኒያ መምህር ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ አርሴማ በሞተችበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ መሆኑ ነው፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደብረ ማርቆስ መጡ። ዓይናቸው አልዳነም። ዓለምነው ቤቱ አሳረፋቸው፤ አሳርፎም የድሮውን ቃል ለልጁ ነገራት። አርሴማ ሰምታ አደረች። በማግስቱ ወንበሯን ከኮምፒውተሩ ፊት፣ መምህሩ ከተቀመጡበት መደብ አጠገብ አስጠጋችና፣ «የኔታ፣ እርስዎ ይናገሩ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለቻቸው።

መምህሩ አንድ የቅኔ ቤት ይናገራሉ፤ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ብለው ዝም ይላሉ።

«ጨረስሽ?»

«እየጠበቅሁዎት ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ተማሪ ስጠብቅ ኖሬ፣ ዛሬ ተማሪ እኔን ትጠብቀኝ?» ብለው ሳቁ። ዓለምነው መምህሩ ሲስቁ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁዳዴውን ሁሉ እንዲህ ከረሙ። ከፋሲካ በኋላ ሥራው አለቀና መምህሩ ወደ ዲማ ተመለሱ። አርሴማ ወረቀት ላይ አላወጣችውም። የተጠራጠረችበት ቦታ ነበረ፤ ክረምቱ ሲወጣ ዲማ ሄዳ እያነበበች ልታሳርማቸው ፈለገች። ክረምቱ እሷን ወሰደ። በዚያው ክረምት ዲማ ላይ መምህሩን አንድ ጎናቸውን መታቸው፤ ምላሳቸው ተሳሰረ። ይህ ወሬ የደረሰው ዓለምነው ለቅሶ እንደተቀመጠ ነው። ሁለት ሰው ያውቀው የነበረው ነገር ሁሉ አሁን ጥቁር ነጠላ ሥር ቀረ።

ተዝካሩ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ዓለምነው ነጠላውን ገፈፈው። ማብራቱን አርሴማ አስተምራው ነበር። ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ በራ፣ የተለመደውን ስዕል አወጣ። የመምህሩን ጽሑፍ ከፈተው፤ ፊደሉ መጣ፤ አየውና ዘጋው። ለማንበብ ገና አልደፈረም። ኮምፒውተሩን ሊያጠፋው ሲል ዓይኑ ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ካለው ሰዓት ላይ ዐረፈ። ቀስቷን ሲያስጠጋ ቀኑ ወጣ። ሰዓቱም ቀኑም የኛ አይደለም። ዓመቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ሄዷል።

ዓለምነው ፈረንጅ የራሱ አቆጣጠር እንዳለው ያውቃል። ነገር ግን የፈረንጅ ቀን በእሱ ቤት፣ ልጁ በሞተችበት ቤት፣ ምን ይሠራል? የቆመ የግድግዳ ሰዓት እንደሚሞላ ሰው ተቀመጠ። አርሴማ አንድ ቀን ስታደርገው አይቷል፤ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ሲደረግ መስኮት ይከፈታል። ዓመቱን እየቀነሰ ሁለት ሺህ ሁለት ላይ አደረሰው። የወሮቹ ስም በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥቅምት ከመስከረም ቀጥሎ ስለሆነ ከላይ ሁለተኛውን መረጠ። ሰዓቱንም በአገሩ ሰዓት አደረገው። ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። ለልጁ ዕቃ አንድ ነገር ያደረገላት መሰለው።

በማግስቱ ሲያበራው ኮምፒውተሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ገና ሳይነካው ቀይ ምልክት ያለበት ሳጥን ብቅ አለ። እሱን ሲዘጋ ሌላ። የመምህሩን ጽሑፍ ሲጫን የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናግሮ ተዘጋ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ተዘጋ። ዓለምነው እጁን ከላዩ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ተቀምጦ ቀረ።

ደብሪቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን አረግኸው?»

«ምንም።»

«ተው እዚያ አትጎርጉር ብዬህ አልነበር? እጅህ ድንጋይ እንጂ ይህን ያውቃል?»

ዓለምነው ተነሣ። ኮቱን ደርቦ ወደ መናኸሪያ ወረደ።

መናኸሪያው አጠገብ የሱሩር አባት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለ። ሱሩር ከአርሴማ ጋር በአንድ ክፍል ኮምፒውተር የተማረ ነው። በቀብሯ ዕለት ቃሬዛውን በጭቃው ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ዓለምነውን ከበሩ ላይ ሲያየው ሥራውን ጥሎ ተነሣ።

«አባባ ዓለምነው፣ ሰው ልከው ቢጠሩኝ እመጣ አልነበር?»

«የሷ ዕቃ ታመመ» አለ ዓለምነው።

ሱሩር መጣ። አርሴማ ከምትቀመጥበት ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ከምግብ ጠረጴዛው ሌላ ወንበር አመጣ። ዓለምነው አየው።

መጀመሪያ ቫይረስ ነው አለ። በፍላሽ ይዞ በመጣው ማጽጃ ሲያስፈትሽ ዋለ። ሁለት ሦስት ነገር ያዘና አጠፋ፤ ሳጥኖቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ቀጥሎ የመጻፊያውን ፕሮግራም ሲዲ ከመሳቢያ አውጥቶ እንደ አዲስ ሊጭን ሞከረ፤ ፕሮግራሙ ቁልፍ ቁጥር ጠየቀው።

«ቁልፉን ያውቁታል?»

«እሷ ናት የምታውቀው» አለ ዓለምነው።

ሱሩር ያንን ተወው። ጽሑፉን በፍላሽ ቀድቶ ሱቁ ወሰደው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«የኔ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ ግን አይነበብም። ይህ የድሮ ፊደል ነው፤ ያለዚህ ፕሮግራም ሁሉም ሳጥንና የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ነው የሚሆነው። ለአርሴማ የሸጠላት ሱቅ ደግሞ ተዘግቷል።»

«ታዲያ?»

«እንግዲህ ፎርማት ማድረግ ነው የቀረን።»

«እሱ ምንድን ነው?»

«ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውሱን ከመጀመሪያው መጫን። ኮምፒውተሩ ይድናል።»

«ጽሑፉስ?»

«ፋይሉን አስቀርልዎታለሁ። ግን ፕሮግራሙ ከጠፋ ያለ ቁልፉ አይመለስም። ፋይሉ ይኖራል፤ የሚያነበው አይኖርም።»

ዓለምነው ዝናብ ያበሰበሰውን የግቢ አጥር በመስኮት ሲያይ ቆየ። «አንድ ጊዜ ቀብሬአታለሁ» አለ። «ደግሜ አልቀብራትም። አትንካው።»

ሱሩር አልነካውም። ግን አልሄደም። ደብሪቱ ዳቦ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ቆርሶ እያኘከ እንደ ሐኪም ይጠይቅ ጀመር።

«በደህና የሠራው መቼ ነው?»

«ነጠላውን የገፈፍን ዕለት። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ፊደሉ ነበረ።»

«ከዚያ መብራት ጠፍቶበታል?»

«አልጠፋም።»

«ፍላሽ የሰካበት ሰው አለ?»

«ማንም አልደረሰበትም።»

«አንተም?» አለች ደብሪቱ ከበሩ ሆና።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን አስተካከልሁለት ብለህ አልነገርኸኝም?»

«እሱማ ተሳስቶ ስላገኘሁት ነው። ቀን ማስተካከል መንካት ነው እንዴ?»

ሱሩር ማኘኩን አቆመ። ቀስቷን ወደ ጥጉ ወሰዳትና ቀኑን አነበበው። ሳቅ ከአፉ ሊያመልጥ ሲል የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ አለውና በእጁ ከደነው።

«አባባ፣ በእርስዎ ቀን ከሄድን ይህ ኮምፒውተር ገና አልተሠራም። ፕሮግራሙ የተገዛው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያልተሰጠውን ፈቃድ ከየት ያምጣ? ሌባ የገባበት መስሎት ነው የዘጋው።»

«እኔ ሁለት ሺህ ሁለት ነው ያልኩት። አሁን ሁለት ሺህ ሁለት አይደለም?»

«በኛ ነው። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ሁለት ሲሉት ወደ ኋላ ነው የሄደ። ሁለተኛ ወር ሲሉት ደግሞ…» ሱሩር በጣቱ ቆጠረ። «በኛ የዘጠና አራት የካቲት ላይ ነው ያለው።»

ዓለምነው ሒሳቡን ራሱ ሠራው። በዘጠና አራት የካቲት አርሴማ ሃያ ዓመቷ ነበር። ኮምፒውተር ልማር ብላ የለመነችው በዚያ ዓመት ነው። ያን ጊዜ ብርዱ እንኳ አያስላትም ነበር።

«ልመልሰው?» አለ ሱሩር።

ዓለምነው ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየ። ይህ ዕቃ ካለበት ቀን ላይ ልጅቱ አለች፤ ከትምህርት ቤት ትመጣለች፤ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ትጥላለች፤ እናቷ ትቆጣታለች። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ ይህ ጥግ ብቻ ነው። ሞኝነት መሆኑን ያውቀዋል። ቢያውቀውም አፉ እሺ አይለውም።

ደብሪቱ ገባት። መጥታ ከኋላው ቆመችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። አርባ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«መልሰው» አለችው። «አንተው ራስህ መልሰው።»

ሱሩር ተነሥቶ ቦታ ለቀቀ። ዓለምነው ተቀመጠ። ዓመቱን ወደ ፊት የምታስኬድ ትንሽ ቀስት አለች፤ ጣቱ ከበደው፤ ተጫናት። ይህ ሥልጠናዋን የጀመረችበት ነው። ተጫነ፤ በዚህኛው ምን እንደሆነ ትዝ አላለውም፤ ትዝ ባለማለቱ ተናደደ። ሰርግ ጠርተዋት ቢጫ ልብስ ያሰፋችበት ዓመት አለፈ። ይህ ኮምፒውተር በጋሪ ተጭኖ የገባበት፣ ጎረቤት ሊያየው የተሰበሰበበት ዓመት አለፈ። አንዱን ሲጫን ሁለት ዘለለበት፤ ወደ ኋላ መለሰውና ቀስ ብሎ ደገመው፤ ምንም ሳያይ ሊያልፍ አልፈለገም። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሣ። ትንፋሹን ስቦ ተጫነው። ወሩን ሱሩር ነገረው። ሰዓቱንም መለሱት።

ሱሩር አጥፍቶ አበራው። ሳጥኖቹ አልመጡም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ተከፈተ፤ የመምህሩን ጽሑፍ ሲጫኑት ፊደሉ እንደ ጠዋት ተማሪ ተሰልፎ ወጣ።

ማንም ደስ አላለውም። ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሄደች። ዓለምነው ማንበብ ጀመረ። አልፎ አልፎ አንዳንድ ቃል በቀይ ተጽፏል።

«ይህ ደግሞ ሌላ ብልሽት ነው?» አለ።

ሱሩር ጎንበስ ብሎ አየ። «አይደለም። ይህን እሷ ናት ያቀላችው። የኔታን ልትጠይቅበት ነው።»

ሱሩር ያን ዕለት ከሱቁ ማተሚያ አምጥቶ እዚያው ቤት አተመው። ሲያትም ገጽ እንዳይዛባ ቆሞ ጠበቀ፤ ቀዩ በቀይ እንዲወጣም ቀለም ለወጠለት። ዓለምነው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከኮቱ ሥር ይዞ በማለዳ ወደ ዲማ ተነሣ። መኪናው እስከሚደርስበት ሄዶ የቀረውን በእግሩ ተጓዘ። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ጠንክሮ ነበር።

መምህር አካለ ወልድን ጎጆ ውስጥ መደብ ላይ ተደግፈው አገኛቸው። የሚረዷቸው አንድ ጎልማሳ ደቀ መዝሙር ውጭ አግኝቶት፣ «እንዳይደነግጡ ብለን የልጅቱን ነገር አልነገርናቸውም» አለው። ዓለምነው ራሱን ነቀነቀ። ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ ዓለምነው ነኝ።»

ግራ እጃቸው ደህና ናት። ፊቱን ዳሰሱት። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም።

«ይዤው መጥቻለሁ። ላንብብልዎ።»

ግራ እጃቸውን አንጓው ላይ አሳረፉ። ዓለምነው ማንበብ ጀመረ። ግዕዙ ጠፍቶበታል፤ ይደናቀፋል። ሲሳሳት አንጓውን ጨመቅ ያደርጉታል፤ ይመለስና ያስተካክላል። ድሮ እንደ ተማሪ ጉልበታቸው ሥር ቁጭ ብሎ ትምህርቱን ሲቀጽል፣ ሲደግም እንደነበረው ማለት ነው። ቀይ ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«እዚህ ላይ ትጠራጠራለች፣ የኔታ። እንዲህ ነው የሰማሁት፣ ልክ ነው ወይ ትላለች።»

ልክ ከሆነ እጃቸው ዝም ትላለች። ልክ ካልሆነ ይጨምቁታል፤ እሱም ደቀ መዝሙሩን ጠርቶ ሌላ ቃል፣ ሌላ ቃል እያሉ ያቀርቡላቸዋል፤ እጃቸው ዝም ያለችበትን ይጽፋል። አብዛኛው ልክ ነበር። አርሴማ ጆሮዋ ጥሩ ነበር። ፀሐይ ከበሩ ወደ ግድግዳው ዞራ የመጨረሻው ገጽ አለቀ።

መምህሩ እጃቸውን ከአንጓው አነሡና ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። ጣቶቻቸውን በጨርቁ ላይ ጫን ጫን አደረጉ፤ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ፈጠን ፈጠን። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ።

ደቀ መዝሙሩ አልገባውም። ዓለምነው ገባው። የምትጽፈዋ የት አለች እያሉት ነው። እሷ ያልመጣችው ለምን እንደሆነ እየጠየቁት ነው።

ለቀብሯ ሲለቀስ ድምፁን ያላወጣው ሰው አሁንም ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«አርሴማ ዐርፋለች፣ የኔታ። ነሐሴ ላይ። ይህንን ጨርሳ ነው።»

እጃቸው በአየር ላይ ቀረች። ብዙ ቆየች። ከታወሩት ዓይኖቻቸው እንባ በጉንጫቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። ዓለምነውም አለቀሰ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

መምህሩ ወረቀቱን በዳበሳ ፈለጉ። ደቀ መዝሙሩ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። የዓለምነውን እጅ ያዙ፤ ወረቀቱ ላይ አኖሩት፤ የራሳቸውን ከላዩ ደረቡበት። ምላሳቸው ታገለ። ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው። በሦስተኛው ወጣ፤ ተሰባብሮ ቢወጣም ተሰማ።

«ተከፍሏል» አሉት።

«የከፈለችው እሷ ናት፣ የኔታ» አለ ዓለምነው።

መምህሩ አዎ እንደማለት ራሳቸውን ወደ ታች አደረጉ። ዓለምነው እጁን ከሥር አወጣና ወረቀቱን ትቶላቸው ተነሣ።